መንገድ፣ ሰዓትና የልብ ምት፦ ሯጭ በእጁ ባለው መሣሪያ ላይ ጂፒኤስ ሲጨምር

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ሳይንስንና የዕለት ኑሮን የሚያገናኘው ዝግጅታችን ዛሬም ሰዓቱን ጠብቆ ቀርቧል። የዛሬው ርዕሳችን ሯጮችን፣ አሠልጣኞችንና ለጤናቸው ብለው ማለዳ ሶምሶማ የሚወጡትን ሁሉ ይመለከታል።

ከመካከላችሁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እንጦጦ ጫካ የሚገባ አለ። ቅዳሜና እሁድ ሱሉልታ ወጥቶ ኮሮኮንች ላይ የሚሮጥ አለ። ከሥራ በፊት ሰፈሩን ዞሮ የሚመለስም አለ። አብዛኛው ሯጭ ደግሞ አንድ ነገር በእጁ ይዟል። አንዱ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ገዝቷል፤ ሌላው እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ባንድ አስሯል፤ ሌላው የቆየች የሩጫ ሰዓቱን አልጣላትም። እነዚህ መሣሪያዎች ስንት ደቂቃ እንደሮጣችሁና ልባችሁ እንዴት እንደመታ ይነግሯችኋል። የት እንደሮጣችሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር በትክክል እንደሸፈናችሁ፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደዘገያችሁ ግን አይነግሯችሁም።

ይህን ለማወቅ ውድ የጂፒኤስ ሰዓት መግዛት ግድ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ለአብዛኞቻችሁ የጎደለው ዕቃ ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ ስማርት ስልካችሁ የሳተላይት መቀበያ አለው። ሥራው እሱን ከነባሩ መሣሪያ ጋር ማገናኘትና የሚሰጠውን መረጃ በትክክል ማንበብ ነው። ዛሬ ሦስት ነገር እናያለን፦ ጂፒኤስ እንዴት እንደሚሠራ፣ በእጃችሁ ባለው መሣሪያ ላይ እንዴት እንደሚጨመር፣ ያወጣውን መስመር እንዴት እንደምታነቡት። ከእኛ ጋር ቆዩ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የዘረጋው የሳተላይት መረብ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ መረቡ የተሟላ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1995 ነው። ዛሬ 30 ያህል ሳተላይቶች ከምድር 20 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። አዳዲስ ስልኮችና ሰዓቶች ከእነዚህ ከብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ።

እያንዳንዱ ሳተላይት ያለማቋረጥ ሁለት ነገር ይናገራል፦ «እኔ ያለሁት እዚህ ነው፤ ሰዓቱም ይህ ነው»። ይህ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ ስልካችሁ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። ስልኩ መልእክቱ የተላከበትንና የደረሰበትን ሰዓት አስተያይቶ ሳተላይቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል።

አንድ መንገድ የጠፋው ሰው በስልክ ደወለላችሁ እንበል። ከአዳማ ያለውን ርቀት ብቻ ቢነግራችሁ፣ አዳማን መሐል አድርጋችሁ ክብ ትሥላላችሁ፤ ሰውዬው ከክቡ መስመር ላይ የትም ሊሆን ይችላል። ከደብረ ብርሃን ያለውን ርቀት ሲጨምር ሁለት ክቦች ይቆራረጡና ሁለት ነጥብ ብቻ ይቀራል። ከወሊሶ ያለውን ሲጨምር አንድ ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። ስልካችሁም ያለበትን የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የርቀቱ መነሻ ከተሞች ሳይሆኑ ሰማይ ላይ ያሉ ሳተላይቶች መሆናቸው ነው።

ሆኖም ሦስት ሳተላይት አይበቃም፤ አራተኛ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል፤ የእናንተ ስልክ ግን ተራ ሰዓት ነው ያለው። በአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል። አራተኛው ሳተላይት የስልኩን የሰዓት ስሕተት አስልቶ ለማረም ያገለግላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ጂፒኤስ ስከፍት የኢንተርኔት ዳታ ይበላብኛል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ፦ ጂፒኤሱ ራሱ አይበላም። ስልካችሁ ሳተላይቱን ያዳምጣል እንጂ ምንም አይልክለትም። ሲም ካርድ ባይኖርም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ዳታ የሚበላው የካርታውን ሥዕል ማውረድና ሩጫውን በኢንተርኔት መላክ ነው። ኢንተርኔት ለአንድ ተጨማሪ ነገርም ይጠቅማል፤ የሳተላይቶቹን አድራሻ ቶሎ ስለሚያመጣ ስልኩ ቦታውን በሰከንዶች ውስጥ ያገኛል። ያለ ኢንተርኔት ይህን መረጃ ከራሱ ከሳተላይቱ መቀበል ስላለበት ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ካርታውን ቤት ሆናችሁ በዋይፋይ አውርዳችሁ፣ ዳታ ዘግታችሁ መሮጥ ትችላላችሁ።

ሯጮች ይህን ጥቅም ያገኙት በቅርቡ ነው። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት ማዛባቱ ቆመ። በ2003 እ.ኤ.አ. ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ፎርራነር የሚባለውን በእጅ የሚታሰር የጂፒኤስ የሩጫ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ሰማዩ ገለጥ ባለበት ቦታ የተራ ስማርት ስልክ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከ5 ሜትር አይበልጥም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። በእጃችሁ ያለው መሣሪያ የትኛው ነው? ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው የደረት መለኪያ ነው። ይህ መሣሪያ ልብ ስትመታ የምታወጣትን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ ያነባል። በተለይ ፍጥነት ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት ልምምድ፣ ከእጅ ላይ በብርሃን ከሚለካው ይልቅ የሚታመን ነው። ከስልክ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ለማወቅ ማሸጊያውን ወይም ጀርባውን ተመልከቱና የብሉቱዝ ምልክት ፈልጉ። ብሉቱዝ ካለው ሥራው ቀላል ነው። በጣም የቆዩት የደረት መለኪያዎች ግን የሚናገሩት ከራሳቸው ሰዓት ጋር ብቻ ነው። ኤ.ኤን.ቲ ፕላስ የሚባለውን የመገናኛ ዘዴ ብቻ የሚያውቁትም አብዛኞቹን ስልኮች አያገኙም። እነዚህን ይዛችሁ ከሆነ ሌላ መፍትሔ አለ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የእጅ ባንድ ነው። ርካሽ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ጂፒኤስ የላቸውም። ብዙዎቹ ግን ስልኩ አብሯቸው እስካለ ድረስ የእሱን ጂፒኤስ ይጠቀማሉ። ማሸጊያው ላይ «ጂፒኤስ» የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ብቻ ባንዱ ለብቻው መንገድ ይመዘግባል ብላችሁ አትግዙ። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ስልኬን ቤት ትቼ ብወጣ መስመሩን ይመዘግባል?» መልሱ «አይ» ከሆነ ባንዱ የሚሠራው በስልኩ ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ አውቃችሁ ግዙት እንጂ።

ሦስተኛው ያለ ጂፒኤስ የምትሠራው የሩጫ ሰዓት ናት። እሷን በእጃችሁ አስራችሁ ዙርና ደቂቃ ለመያዝ ተጠቀሙባት፤ ስልኩ ደግሞ መንገዱን ይመዝግብ። ሁለቱን እኩል አስነሱ፣ እኩል አቁሙ። ይኸው ነው።

መተግበሪያን በተመለከተ፣ ስትራቫ በዓለም ላይ ብዙ ሯጮች የሚጠቀሙበት ነው። መረጃቸው ከስልካቸው እንዳይወጣ የሚፈልጉ ደግሞ ለአንድሮይድ ስልክ የተሠራውን ኦፕንትራክስን መሞከር ይችላሉ። ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የብሉቱዝ የልብ ምት መለኪያም ይቀበላል።

እንግዲህ የመጀመሪያዋን ቀን አብረን እናድርጋት። ቤት ውስጥ ናችሁ። የደረት መለኪያውን ከቆዳ ጋር የሚነካካውን ክፍል በውኃ አርጥቡት፤ ደረቅ ከሆነ ላብ እስኪወጣችሁ ድረስ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ከጡት ሥር፣ እንዳይንሸራተት ግን ትንፋሽ እንዳይዝ አድርጋችሁ እሰሩት። አሁን ስልኩን አንሱ። የብዙ ሰው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ መለኪያውን በስልኩ የብሉቱዝ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ለማገናኘት ይሞክራሉ። መገናኘት ያለበት በመተግበሪያው ውስጥ ነው። መተግበሪያውን ከፍታችሁ፣ የመለኪያ መሣሪያዎች የሚለው ክፍል ገብታችሁ ፈልጉት። ካልተገኘ ሌላ መሣሪያ ይዞት እንደሆነ አጣሩ፤ ብዙ መለኪያዎች በብሉቱዝ የሚያናግሩት በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የስልኩን የባትሪ ቁጠባ እዩ። ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ይዘጋሉ። ሯጩ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ ይሮጣል፤ መተግበሪያው መንገድ ላይ ይተኛል። ሲመለስ ካርታው ላይ የሚያየው ከአንድ ቦታ ተነስቶ ቤቱን፣ አጥሩንና ወንዙን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የመስመሩ ሁለት ጫፎች መተግበሪያው የተኛበትና የነቃበት ቦታ ናቸው። መሐል ላይ የሮጣችሁት ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ በአንድ ቀጥታ ተቆርጧል፤ ኪሎ ሜትሩም አብሮ ጎድሏል። መፍትሔው የስልኩ የባትሪ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ለዚያ መተግበሪያ ገደቡን ማንሳትና ሎኬሽን እንዲጠቀም መፍቀድ ነው።

አሁን ውጡ። ከጣራና ከግንብ ራቅ በሉ፤ ሰማይ በሰፊው የሚታይበት ቦታ ቁሙ። መተግበሪያው ቦታችሁን እንዳገኘ እስኪያሳይ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ሰውነታችሁን የምታሟሙቁበት ጊዜ ይሁንላችሁ። ሳይጠብቁ የተነሱ ሯጮች የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይጎድሉባቸዋል ወይም መስመራቸው ከጎረቤት ግቢ ውስጥ ይጀምራል። ስልኩን ክንድ ላይ በሚታሰር መያዣ ወይም ከወገብ ቀበቶ ውስጥ አድርጉት። የሰው አካል ምልክቱን ስለሚያዳክም ከሆድና ከጃኬት ሥር ቀብራችሁ አትያዙት።

ከስልክ ጋር የማይገናኝ የቆየ የደረት መለኪያ ላላችሁ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ሰዓታችሁ የልብ ምቱን መዝግቦ ወደ ኮምፒውተር የሚያወጣ ከሆነ፣ ስልኩ የመዘገበውን መንገድ ጂፒኤክስ በሚባለው የፋይል ዓይነት አውጡና ሁለቱን በኋላ አዋሕዱ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ላይ የት ነበርኩ፣ በዚያች ደቂቃ ልቤ ስንት መታች እየተባለ ይጣመራሉ። ሁለት ነገር አስተውሉ። ጂፒኤክስ ሰዓትን የሚጽፈው በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ደግሞም የእጅ ሰዓታችሁ ከስልኩ ሁለት ደቂቃ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ ልባችሁ ዳገቱ ሳይጀመር የተጨነቀች፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ያረፈች ትመስላለች። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱን ሰዓቶች እኩል አድርጉ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከሩጫ ተመልሳችኋል፤ መስመሩም ካርታው ላይ ተሥሏል። እንዴት ነው የምናነበው? መጀመሪያ መቼ እንደምታምኑትና መቼ እንደምትጠራጠሩት ልንገራችሁ።

ደመናና ዝናብ ምልክቱን እምብዛም አይነኩትም፤ የክረምት ሩጫችሁ እንደ በጋው ይመዘገባል። እንጦጦ ላይ ጥቅጥቅ ባለው ባሕር ዛፍ መሐል ስትሮጡ ግን፣ በተለይ ቅጠሉ ሲረጥብ፣ ምልክቱ ይዳከማል። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ምልክቱ ከመስታወትና ከግንብ ላይ ነጥሮ ይደርሳችኋል። ነጥሮ ሲመጣ የተጓዘው መንገድ ስለሚረዝም ስልኩ ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል፤ ያኔ መስመራችሁ መንገዱን ተሻግሮ ሕንፃ ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ልደታ በሚሄደው የቀላል ባቡር ድልድይ ሥር ስትሮጡም ኮንክሪቱ ሰማዩን ስለሚሸፍን መስመሩ ይዘበራረቃል። ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚባሉት አዳዲስ መቀበያዎች የነጠረውን ምልክት በተሻለ ሁኔታ ይለያሉ፤ ፈጽመው ግን አያስቀሩትም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ፔስ፣ ማለትም 1 ኪሎ ሜትርን በስንት ደቂቃ እንደምትሮጡ ነው። 1 ኪሎ ሜትርን በ4 ደቂቃ እየሮጣችሁ ነው እንበል። በሰከንድ 4 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ ማለት ነው። መሣሪያው በአንዷ ሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ የሚያሳያችሁ ፔስ ወይ 3 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፣ ወይ 5 ደቂቃ ከ16። እናንተ እርምጃችሁን አልቀየራችሁም፤ ቁጥሩ ግን ዘለለ። መሣሪያዎች ይህን ለማለዘብ አማካይ ይወስዳሉ፤ ሆኖም በየሰከንዱ የሚለዋወጠውን ፔስ እያዩ ፍጥነት መጨመርና መቀነስ ጉልበት ማባከን ነው። የ1 ኪሎ ሜትሩን አማካይ እዩ። ርቀቱ ሲረዝም ይህ የየሰከንዱ ስሕተት እየተካካሰ ይሄዳል።

ሦስተኛው የመም ልምምድ ነው። የመም የመጀመሪያው መስመር 400 ሜትር መሆኑ በትክክል የተለካ ነው። ጂፒኤሱ ኩርባው ላይ እናንተን 2 ሜትር ወደ ውጭ አውጥቶ ቢሥላችሁ፣ በአንድ ዙር ከ12 ሜትር በላይ ይጨምርላችኋል፤ በ25 ዙር፣ ማለትም በ10 ሺህ ሜትር፣ ከ300 ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ መም ላይ ዙር ቁጠሩ፤ ሰዓታችሁን በእጃችሁ ያዙ። ሳተላይቱ በዚያ ቀን ይረፍ።

አራተኛው ውድድር ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በአዲስ አበባ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን የሮጣችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓታችሁን አይታችሁ «10 ኪሎ ሜትር አይደለም፤ በለጠ» ብላችሁ ይሆናል። ማራቶን ላይም ይኸው ይሰማል። የውድድር መንገድ የሚለካው በልዩ መቁጠሪያ በታጠቀ ብስክሌት ሲሆን፣ ለኪው የሚከተለው አንድ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ነው። መንገዱ አጥሮ እንዳይገኝ ደግሞ በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሜትር ይታከላል፤ በማራቶን 42 ሜትር ይሆናል። እናንተ ግን ሰው ለማለፍ ግራና ቀኝ ብላችኋል፣ ኩርባውን በሰፊው ዞራችኋል፤ በዚያ ላይ የጂፒኤሱ መዘባረቅ ተጨምሯል።

ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ሰዓቱ ርቀቱን በ1.5 በመቶ አብልጦ ይቆጥራል እንበል። በሰዓቱ ተማምኖ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ የሮጠ ማራቶኒስት በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ውስጥ እገባለሁ ብሎ ሲጠብቅ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ በውድድር ቀን መንገዱ ዳር የተተከለውን የኪሎ ሜትር ምልክት እመኑ፤ እሱ ጋ ስትደርሱ የዙር ቁልፉን ተጫኑ።

የመጨረሻው ስለ ከፍታ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችሁ እንጂ ከእግራችሁ ሥር ስላልሆኑ፣ ጂፒኤስ ከፍታን ከጎን አቅጣጫው በባሰ ሁኔታ ይሳሳታል። አንዳንድ ሰዓቶችና ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው፤ በአንድ ሩጫ ውስጥ ስንት ሜትር እንደወጣችሁና እንደወረዳችሁ ለማወቅ እሱ ይሻላል። ሆኖም የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ግፊቱም ስለሚለወጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆማችሁም ከፍታው የተቀየረ ይመስላል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ወደ ፍሬ ነገሩ ደረስን። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ፣ የሩጫ ሳተላይት የሚባል ነገር አልነበረም። የአሠልጣኝ ዓይንና የእጅ ሰዓት በቂ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን መሣሪያ ሯጭ አያደርግም። ታዲያ ምን ይጨምርልናል?

መስመሩ ብቻውን ሥዕል ነው። የልብ ምቱም ብቻውን ቁጥር ነው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ላይ ሲጋጠሙ ግን አሠልጣኝ በሌለበት ማለዳ እንኳ አሠልጣኝ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ይህ ልምምድ ሰውነቴን የት ላይ፣ ምን ያህል አስጨነቀው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሯጭ ሱሉልታ ላይ፣ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀላል ሶምሶማ ልትሮጥ ወጣች። አማካይ የልብ ምቷ ስታየው ደህና ነው፤ ቀላል ሩጫ ይመስላል። መንገዱንና የልብ ምቱን አጋጥማ ስታነብ ግን፣ አንድ ዳገት ላይ ልቧ ለውድድር በምትሮጥበት ልክ ስትመታ አየች። ዳገቱ ላይ ፍጥነቷን ጠብቃ ለመውጣት ታግላለች ማለት ነው። አማካዩ የደበቀውን መስመሩ አወጣው። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ስትደርስ እርምጃዋን አሳጥራ፣ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ቀላሉ ቀን ቀላል ሆኖ ይቀራል፤ ለከባዱ ቀንም ጉልበት ይተርፋታል። ስታነቡ አንድ ነገር አስቡ፤ ልብ ለጥረት ወዲያው መልስ አትሰጥም፣ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ትዘገያለች። ስለዚህ ከፍተኛው ምት የሚታየው ዳገቱን ጥቂት ካጋመሳችሁ ወይም ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለ። አንድ መንገድ ምረጡና በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ሩጡት። መንገዱ አንድ ከሆነ የጂፒኤሱ ስሕተትም ተቀራራቢ ስለሚሆን ንጽጽሩን ያን ያህል አያበላሽም። በዚያው ፍጥነት የልብ ምታችሁ እየወረደ ከሄደ ልምምዱ ሠርቷል። ያለ ምክንያት ከወጣ ደግሞ ድካም፣ የእንቅልፍ ማነስ ወይም የጀመረ ሕመም ሊሆን ይችላልና ዕረፍት ውሰዱ። ለዚህ ደግሞ አዲስ ሰዓት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በእጃችሁ ያለው መሣሪያ፣ ስልካችሁና ትዕግሥት ነው።

ከመሰናበታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። መስመራችሁ የቤታችሁን በር ያሳያል። በየቀኑ የምትነሱበትን ሰዓትና የምትሄዱበትን ጫካም ይናገራል። ስትራቫ በ2017 መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹን መስመሮች ሰብስቦ የዓለም ካርታ አውጥቶ ነበር። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታው የጦር ሰፈሮችን ቦታ እንደሚያጋልጥ አሳየ፤ ወታደሮች ለጤናቸው ብለው የሮጡት መስመር በረሃ መሐል አብርቶ ታይቶ ነበር። ወታደሮቹን ያጋለጠ መስመር ብቻዋን በማለዳ የምትሮጥ ሴትንም ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ሩጫችሁን ለምታውቁት ሰው ብቻ እንዲታይ አድርጉ፤ መነሻና መድረሻችሁን የሚሰውረውን ማስተካከያ አብሩ፤ ያላችሁበትን በቀጥታ ማሳየት ከፈለጋችሁ ለቤተሰብ ብቻ ይሁን። በዚህ አጠቃቀም ጂፒኤስ ጠባቂም ይሆናል፤ ጫካ ውስጥ እግሩ የተጣመመ ሯጭ የት እንዳለ ቤተሰቡ ያውቃል።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እንስጣችሁ። አንደኛ፣ ያላችሁን መሣሪያ አውጡና ብሉቱዝ እንዳለው እዩ። ሁለተኛ፣ የስልካችሁን የባትሪ ገደብ አስተካክላችሁ አንድ አጭር ሩጫ መዝግቡ። ሦስተኛ፣ ከሩጫው በኋላ አማካዩን ትታችሁ ልባችሁ ከሁሉ በላይ የመታችበትን ቦታ ካርታው ላይ ፈልጉ፤ በሚቀጥለው ሩጫ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደምታደርጉ ወስኑ። ያቺ አንዲት ውሳኔ ካልተገኘች የተመዘገበው ሁሉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ከተገኘች ግን ያለ ብዙ ወጪ ልምምዳችሁን አሻሽላችኋል።

በዚሁ የዛሬውን ዝግጅታችንን እንጨርሳለን።

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ያበቃል)